9 ቢሊዮን ፓውንድ ሲወረስ ታክሱ የት ሄደ? የዌስትሚንስተር መስፍንና የለንደን መሬት

ኦገስት 9 ቀን 2016 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት በሙሉ በፈረንጅ ነው) ጄራልድ ግሮቭነር የሚባል የ64 ዓመት ሰው ሰሜን እንግሊዝ ላንክሻየር ውስጥ ባለው ርስቱ እያለ ድንገት ታሞ ፕሬስተን ሆስፒታል ተወስዶ እዛው አረፈ። ይሄ ሰው ስድስተኛው የዌስትሚንስተር መስፍን ነበር፣ እነሱ ዱክ የሚሉት፣ ሀብቱ ያኔ ወደ 9 ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመት፣ ለንደን መሀል ሜይፌርና ቤልግሬቪያ ውስጥ ብቻ ቤተሰቡ 300 ኤከር የሚሆን መሬት ያለው፣ በኛ አለካክ 3 ጋሻ ግድም ማለት ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ ደሞ ከ900 ጋሻ በላይ ተራራና ጫካ ያለው። ማዕረጉንም የሀብቱን ዋና ጥቅምም የወረሰው ሂው የሚባለው ወንድ ልጁ ነው፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሁለት ታላላቅ እህቶች አሉት፣ ማዕረጉ ግን እነሱን ዘሎ ነው ያለፈው።

ዜናው እንደወጣ እንግሊዝ አገር ሰው ሁሉ የጠየቀው ታክሱስ የሚለውን ነው። እዛ አገር ሰው ሲሞት ከ325 ሺህ ፓውንድ በላይ ያለው ንብረቱ ላይ 40 በመቶ የውርስ ታክስ አለ (ለባል ወይ ለሚስት ካለፈ አይከፈልም፣ መኖሪያ ቤት ለልጅ ሲሆንም ማቃለያ ወጥቷል፣ መነሻው ግን ይሄ ነው)። በዚህ ሒሳብ ከ9 ቢሊዮኑ ላይ ከ3.5 ቢሊዮን በላይ ለመንግስት መግባት ነበረበት፣ አልገባም፣ ለምን ቢባል አብዛኛው ሀብት በሕግ የሟቹ አይደለም። በትረስት የተያዘ ነው (ባለአደራዎች ለቤተሰቡ ብለው የሚይዙት ማለት ነው)፣ በስሙ ስላልሆነ እሱ ሲሞት አብሮት አይቆጠርም፣ ታክስ የሚመጣው በግሉ በያዘው ላይ ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ 30 ዓመት ነርስ ሆና ሰርታ አንድ ቤት ያፈራች ሴት ስትሞት ልጆቿ ጋ ሊመጣ የሚችል የታክስ ደብዳቤ፣ ከአገሪቱ ትልልቅ የመሬት ጌቶች አንዱ ሲሞት በዛ መጠን አይመጣም።

ይሄን ነገር አንዳንዱ ሌብነት ነው ይላል፣ ሌላው ደሞ ቅናት ነው፣ ሰርተው ያገኙት ነው ይላል፣ እኔ ሁለቱም ልክ ነው ብዬ አላምንም። ሌብነት አይደለም፣ ሁሉም ነገር በአደባባይ በሕግ የተሰራ ነው። ሰርተው ያገኙትም አይደለም፣ ይሄን ጄራልድ ራሱ አልሸሸገውም፣ ፋይናንሻል ታይምስ ለአንድ ወጣት ነጋዴ ምን ትመክራለህ ብሎ ሲጠይቀው የድል አድራጊው ዊልያም የቅርብ ጓደኛ የሆነ ቅድመ አያት ይኑርህ ብሎ ነው የመለሰው፣ ዊልያም ማለት በ1066 ከኖርማንዲ ተሻግሮ እንግሊዝን የያዘው ንጉስ ነው። እኔ ማሳየት የምፈልገው ሀብቱ 350 ዓመት ሙሉ ሳይበተን የቆየው በማን ጉብዝና ሳይሆን በምን አይነት አደረጃጀት እንደሆነ ነው፣ ምክንያቱም ያ አደረጃጀት ዛሬም ለንደን ውስጥ ተራ ሰው ለሚኖርበት ፍላት (አፓርታማ) የሚከፍለውን ገንዘብ ይወስናል።

የለንደኑ መሬት ከዊልያም ጊዜ አይደለም የመጣው። የመጣው በአንዲት ህፃን ልጅ ነው።

ሂው ኦድሊ የሚባል በ1600ዎቹ ለንደን ውስጥ በአራጣ አበዳሪነት የታወቀ ሀብታም ሰው ነበር፣ ኤብሪ የሚባለውን ከከተማው በስተምዕራብ ያለ ሜዳና ረግረግ ገዝቶ ነበር፣ 500 ኤከር ግድም። እሱ በ1662 ሲሞት መሬቱ በዝምድና አሌክሳንደር ዴቪስ ለሚባል ወጣት ፀሐፊ ደረሰ፣ ዴቪስ ብዙም ሳይቆይ በ1665ቱ የለንደን ወረርሽኝ ሞተ፣ ወራሽ ሆና የቀረችው ሜሪ የምትባል ገና የወራት ህፃን ናት። እንግዲህ ይቺ ልጅ አፏን ሳትፈታ ነው የመሬት ባለቤት የሆነችው፣ እድሜዋ ከፍ ሲል ደሞ ገና ሳታድግ ባል ይፈለግላት ጀመር፣ በኦክቶበር 1677 ሴንት ክሌመንት ዴንስ በሚባለው የለንደን ቤተክርስቲያን ከቼሸር ለመጣው ለሰር ቶማስ ግሮቭነር ተዳረች። እሱ 21 ዓመቱ ነው፣ እሷ 12። ግሮቭነሮች ቼሸር ውስጥ ድሮም ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፣ መሬትም ማዕድንም ነበራቸው፣ ግን ለንደን ውስጥ ምንም አልነበራቸውም፣ የነሱን ነገር ከብዙ መሰል ባላባቶች የለየው ይሄ ጋብቻ ነው።

ሜሪ ኋላ ላይ የአእምሮ ህመም ያዛት። ባሏ በ1700 ሞተ፣ በዓመቱ ፓሪስ እያለች ኤድዋርድ ፌንዊክ የሚባል ሰው አግብቻታለሁ ብሎ ተነሳና መሬቱን ሊጠይቅ ሞከረ፣ እሷ ደሞ ምንም አላስታውስም፣ አላገባሁትም አለች፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1705 ጋብቻው ዋጋ የለውም ተብሎ ተፈረደ። ያ ፍርድ በሌላ በኩል ቢሆን ኖሮ የዛሬው የለንደን ካርታ ላይ ሌላ ስም ነበር የሚኖረው። አሁን ሜይፌር ውስጥ ዴቪስ ጎዳና አለ፣ ኦድሊ ጎዳና አለ፣ ቤልግሬቪያ ስትሄዱ ደሞ ኢተን፣ ቤልግሬቭ፣ ኤክልስተን እያለ ይቀጥላል፣ እነዚህ ቼሸር ውስጥ ያሉ የቤተሰቡ ርስትና መንደሮች ስም ናቸው። እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ግን ጎዳናዎቹ ሳይሆኑ ልጅቷ ናት፣ ይሄ ሁሉ ሀብት በእሷ በኩል መጥቶ ከእሷ በኋላ ማዕረጉም ስሙም በወንድ ብቻ ነው ሲተላለፍ የኖረው።

መሬት ብቻውን ግን አያበለፅግም፣ ያበለፀገው ሊዝ ነው። ሊዝ የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ልዩነቱ እኛ ጋ መሬቱ የመንግስት ነው፣ ለንደን ውስጥ ደሞ አከራዩ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ቤተሰቡ መሬቱን አይሸጥም፣ ለግንበኛ ወይ ለባለሀብት ለ60፣ ለ80፣ ለ99 ዓመት በትንሽ ኪራይ ይሰጣል፣ ግንበኛው በራሱ ገንዘብ ቤት ይሰራል፣ ይሸጣል ያከራያል፣ ጊዜው ሲያልቅ ግን መሬቱ ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ የተሰራው ቤትም ወደ ባለመሬቱ ይመለሳል። ከዛ እንደገና ሊዝ ይሰጣል፣ በአዲሱ ዋጋ። ሜይፌር ላይ በ1720ዎቹ የግሮቭነር አደባባይን ዙሪያ ማሰራት የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ቤልግሬቪያ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1820ዎቹ ነው፣ ቶማስ ኪውቢት የሚባለው ትልቁ የዘመኑ ግንበኛ ረግረጉን አደረቀው፣ የሴንት ካትሪን ወደብ ሲቆፈር የወጣውን አፈር በጀልባ አስመጥቶ መሬቱን ከፍ አደረገው፣ ከዛ እነዛ ዛሬ ኤምባሲዎች የሞሉባቸውን ነጫጭ ቤቶች ደረደረ። ላቡና ገንዘቡ የኪውቢትና የሰራተኞቹ፣ መሬቱ ግን ከግሮቭነር እጅ አልወጣም።

ይሄ አለመሸጥ የሚባለው ነገር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ለማየት የአሜሪካን ኤምባሲ ታሪክ ማየት ይበቃል። አሜሪካ ግሮቭነር አደባባይ ላይ ትልቁን ኤምባሲዋን ሰርታ በ1960 ከፈተች፣ የመሬቱን ባለቤትነት መግዛት ፈልጋ ነበር ግን አልተሳካላትም፣ በ999 ዓመት ሊዝ ነው የተቀመጠችው። ከአሜሪካ አብዮት በኋላ የተወረሰብንን የፍሎሪዳ መሬት መልሱልንና እንሸጥላችኋለን የሚል መልስ ከቤተሰቡ እንደተሰጣት ነው ሲነገር የኖረው። ኃያሏ አሜሪካ የአንድ ቤተሰብ ሊዘኛ ሆና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖራ በ2018 ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ወደሚገኘው ወደ አዲሱ ህንፃ ተዛወረች።

አሁን ወደ ታክሱ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይሄ ቤተሰብ ከታክስ ጋር ያለው ታሪክ በራሱ የእንግሊዝ የታክስ ሕግ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መስፍን በ1930ዎቹ አንድ ነገር አደረገ። አትክልተኛውንና ሌሎች ሰራተኞቹን ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ በየዓመቱ ይሄን ያህል ልሰጥህ ቃል ገብቻለሁ የሚል ሕጋዊ ሰነድ ፈረመላቸው። ለቤት ሰራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከታክስ አይቀነስም ነበር፣ በእንደዚህ አይነት ሰነድ የሚሰጥ ክፍያ ግን ከገቢው ላይ ይቀነስለታል። አትክልተኛው ያው ስራውን ይሰራል፣ ያው ገንዘብ ይደርሰዋል፣ የመስፍኑ ታክስ ግን ይወርዳል። የታክስ መስሪያ ቤቱ ይሄ እኮ ደመወዝ ነው ብሎ ከሰሰ፣ ክርክሩ እስከ መጨረሻው የዳኝነት እርከን እስከ ጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄዶ መስፍኑ አሸነፈ። ማንም ሰው ሕጉ በሚፈቅድለት መንገድ ታክሱ እንዲያንስ አድርጎ ጉዳዩን የማደራጀት መብት አለው የሚለው የዳኛ ሎርድ ቶምሊን አባባል የመጣው ከዚህ መዝገብ ነው። ኋላ ላይ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ለታክስ ማምለጫ ብቻ የተሰራ ነገርን የሚገድቡ ሌሎች ውሳኔዎች ሰጥተዋል፣ ቢሆንም በብዙ አገር የታክስ ጠበቃ የሚሆን ሰው እስከዛሬ የሚያነበው መዝገብ ነው፣ መነሻው አንድ አትክልተኛ ነበር።

ይሄው ሁለተኛ መስፍን በ1953 ሲሞት የሞት ታክሱ ከባድ ሆነ፣ ሂሳቡን ለመጨረስ ዓመታት ፈጀ፣ በ1950ዎቹ ፒምሊኮ የሚባለውን ሰፈር የሸጡትም ለዚህ ገንዘብ ሲፈልጉ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የውርስ ታክስ መሬት ከአንድ እጅ ማስወጣት እንደሚችል ያኔ በተግባር ታይቷል፣ አንድ ሙሉ የለንደን ሰፈር ወጥቷል። ቤተሰቡም ይሄን በደንብ አየው፣ ድጋሚ እንዳይመጣ ለማድረግ የሰራውም ከዛ ነው።

አራተኛው መስፍን ጋ ደሞ የሆነው ሌላ ነው። ሰውየው በ1944 ኖርማንዲ ላይ ከጀርመን ጋር ሲዋጋ ክፉኛ የቆሰለ መኮንን ነበር፣ በ1967 በካንሰር ሞተ። እንግሊዝ ውስጥ በጦርነት ቁስል ለሞተ ወታደር ርስት የሞት ታክስ አይከፈልም የሚል ሕግ ነበር፣ የቤተሰቡ ጠበቆች ያ የ1944ቱ ቁስል ያመጣው ኢንፌክሽን ለሞቱ አስተዋፅኦ አድርጓል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ሀኪሞች መሰከሩ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ተፈረደላቸው። ቁስሉ የውሸት አልነበረም፣ ሰውየው በእውነት ተሰቃይቷል፣ ይሄን አልክድም። ግን ሕጉ የወጣው ለወደቀ ወታደር ሚስትና ልጆች ታስቦ ነው፣ ከሁሉም በላይ የተጠቀመበት ግን ጠበቃ የመያዝ አቅሙ ያለው ሆነ።

ትረስቱ ደሞ የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ነው። ትረስት ማለት ንብረቱን ባለአደራዎች በሕግ ይይዙታል፣ ጥቅሙ ለቤተሰቡ ነው። ባለአደራ አይሞትም፣ አንዱ ሲሞት ሌላ ይተካል፣ ስለዚህ የ40 በመቶ ታክስ የሚመጣበት ቀን የለም። መንግስት ይሄን አውቆ ትረስቶች ላይ በየ10 ዓመቱ እስከ 6 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፣ በ2006 ደሞ በህይወት እያሉ አዲስ ንብረት ሲያስገቡ የሚከፈለውን 20 በመቶ ወደ አብዛኞቹ ትረስቶች አስፍቷል፣ ቀድሞ የገባው ግን ገብቷል። የቤተሰቡ ደጋፊዎች ታዲያ እንዲህ ይላሉ፣ በየ10 ዓመቱ 6 በመቶ እኮ በ70 ዓመት 42 በመቶ ነው፣ ከማንም ያላነሰ እየከፈሉ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ዋናው ልዩነት መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው፣ 40 በመቶ በአንድ ቀን ሲመጣ መሸጥ ግድ ይላል፣ 1953ን ያየ ያውቀዋል፣ 6 በመቶ በ10 ዓመት አንዴ ሲመጣ ግን ከኪራይ ተጠራቅሞ ይከፈላል፣ መሬቱ አይነካም፣ ለንደን ውስጥ ደሞ መሬት በ10 ዓመት ከ6 በመቶ በላይ የማይጨምርበት ዘመን ብዙ አይደለም። ለዛ ነው ፒምሊኮ የወጣው፣ ሜይፌር ግን ያልወጣው።

እስካሁን ስለ ሰውየው ራሱ ብዙ አላልኩም፣ ጄራልድ እንደሰው ሲታይ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ምቾት ያሰከረው ሰውም አልነበረም። የተወለደው በ1951 ሰሜን አየርላንድ ኦማ ነው፣ ያደገው ሎክ ኧርን የሚባል ሀይቅ ላይ ባለ የቤተሰቡ ርስት ነው፣ ያኔ አባቱ ገና መስፍን አልነበረም። ከዛ የገጠር ህይወት አውጥተው እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ደስተኛ አልነበረም፣ ሃሮው የሚባለውን የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ሁለት ፈተና ብቻ አልፎ ነው የጨረሰው። ፍላጎቱ ወታደር መሆን ነበር፣ አባቱ ሲታመም ግን ርስቱን ለማስተዳደር ተጠራ፣ በ1979 አባቱ ሞቶ መስፍን ሲሆን 27 ዓመቱ ነበር። ውትድርናውን አልተወውም፣ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ከተራ ወታደርነት ጀምሮ ሜጀር ጄኔራል ደረሰ። በ1998 ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ወድቆበት ከስራ ወጣ፣ ይሄንንም በአደባባይ ተናገረው፣ በዛን ጊዜ ለእንደሱ አይነት ሰው ቀላል አልነበረም። ምርጫ ቢሰጠኝ ሀብታም ሆኜ ባልወለድ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ልተወው አስቤ አላውቅም፣ መሸጥም አልችልም፣ የኔ አይደለም ሲልም ተናግሯል።

የኔ አይደለም የሚለው ቃል ከልቡ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እንደ አደራ ነው ያየው፣ ከሱ በፊት ለነበሩትና ለሚመጡት። ችግሩ ግን ሰውየው በስሜት የሚለውን ያንኑ ነገር ሕጉም ይለዋል፣ ንብረቱ የሱ ስላልሆነ ሲሞት አይታከስም፣ በህይወት እያለ ደሞ ቤቱም እርሻውም ገቢውም ከዛው ነው።

ሰጥቷልም። በ2001 የከብት በሽታ የእንግሊዝን ገበሬ ሲመታ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፣ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሆን ዘመናዊ የማገገሚያ ማዕከል እንዲሰራ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ስታንፎርድ ሆል የሚባለውን ርስት ገዝቶ አስጀመረ፣ ማዕከሉ የተከፈተው እሱ ከሞተ በኋላ በ2018 ነው። ልጁ ሂውም በ2020 ኮቪድ ሲመጣ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለጤና ሰራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ድጋፍ ሰጥቷል። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው፣ ማጣጣል ነውር ነው። ግን ልግስና ሰጪው የወደደውን መርጦ የሚሰጠው ነው፣ ታክስ ግን ሁሉም በምርጫ በወከለው ምክር ቤት ተወስኖ ለሁሉም የሚውል ነው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ጄራልድ በጣም የተቆጣበት ጉዳይ ደሞ የሊዝ ሕግ ነው፣ የዛሬው ክርክርም እዚሁ ነው ያለው። በ1967 የእንግሊዝ ፓርላማ ረጅም ሊዝ ላይ የተቀመጡ የቤት ባለቤቶች ባለመሬቱ ባይፈልግም መሬቱን መግዛት ይችላሉ የሚል ሕግ አወጣ። ቤልግሬቪያ ውስጥ ወደ 80 የሚሆኑ ቤቶች በዚህ ሕግ ከግሮቭነር ባለአደራዎች እጅ ሲወጡ ቤተሰቡ ስትራስቡርግ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ንብረቴን ተወረስኩ አለ። በ1986 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ፣ ፓርላማ ማህበራዊ ፍትህ ለማምጣት ብሎ ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያስተላልፍ የህዝብ ጥቅም ነው፣ ተመጣጣኝ ካሳ እስካለ ድረስ መብት መጣስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ከዛ በ1993 የራሱ ፓርቲ፣ ወግ አጥባቂዎቹ፣ መብቱን ወደ ፍላት ነዋሪዎች ሲያሰፉት ጄራልድ ተቆጥቶ ከፓርቲው ወጣ።

ይሄ የሩቅ የባላባቶች ጉዳይ የሚመስለው ካለ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት በሊዝ የተያዘ ነው፣ በተለይ ሰው ገዝቶ የሚኖርበት ፍላት በሙሉ ማለት ይቻላል። ለንደን ውስጥ የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ቤታቸውን የገዙ ብዙ ሀበሾችም የያዙት ሊዝ ነው፣ አከራያቸው መስፍን ሳይሆን ካውንስሉ ይሁን እንጂ ሕጉ ያው አንድ ነው። ገዛሁ ብሎ የደገሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ሊሸጥ ሲሄድ ነው ሊዙ ስንት ዓመት ቀረው የሚለው ጥያቄ የሚመጣበት።

ዋናው ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊዙ ከ80 ዓመት በታች ከወረደ፣ ለማሳደስ ስትጠይቅ ባለመሬቱ መደበኛውን ካሳ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ ሊዙ በመታደሱ ቤትህ ላይ ከጨመረው ዋጋም ግማሹን ይወስዳል። ላቅልለው፣ ፍላትህ 70 ዓመት ቀርቶት 400 ሺህ ፓውንድ ያወጣል፣ ሊዙ ሲታደስ 450 ሺህ ይሆናል እንበል፣ ጭማሪው 50 ሺህ ነው፣ ከዛ ላይ የባለመሬቱ መደበኛ ካሳ ለምሳሌ 10 ሺህ ቢሆን ይነሳና የቀረው 40 ሺህ ለሁለት ይከፈላል፣ ስለዚህ በጠቅላላው 30 ሺህ ትከፍላለህ። የባለሙያ ገማቹንና የጠበቃውን ወጪ ስትጨምርበት ደሞ ከዛ በላይ ነው። ጣራውን ያደስከው አንተ፣ ኩሽናውን ያሰራኸው አንተ፣ የቤት ብድሩን ወለድ የከፈልከው አንተ፣ ዓመት በጠበቀ ቁጥር የሚጠቀመው ግን ባለመሬቱ ነው። 81 ዓመት ሲቀረው የጠየቀና 79 ሲቀረው የጠየቀ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ልዩነት ያለው ሒሳብ ነው የሚመጣባቸው፣ ይሄን ሳያውቁ ያለፉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፓርላማው በሜይ 2024 ይሄን የጭማሪ ክፍፍል የሚያስቀር፣ ማሳደሻውንም ወደ 990 ዓመት የሚያሳድግ ሕግ አፀደቀ። ግሮቭነርን ጨምሮ ካዶገን የሚባለው ሌላው የለንደን ባለመሬትና ሌሎችም ሕጉ መብታችንን ይጥሳል ብለው ከሰሱ፣ በኦክቶበር 2025 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። እኔ ፍርዱ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ከ1986ቱ የስትራስቡርግ ፍርድ ጋር የሚሄድ ነው፣ ባለመሬቱ ለመሬቱ ካሳ አላጣም፣ ያጣው ሊዙ ሲታደስ ከሚጨምረው ዋጋ ላይ የሚቆርሰውን ነው። በነገራችን ላይ ከሳሾቹ ውስጥ ገቢያቸውን ለትምህርት የሚያውሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ነበሩበት፣ የነሱ ስጋት ከመስፍኖቹ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ይመስለኛል፣ ግን ለትምህርት ቤት የሚሆን ገንዘብ መምጣት ያለበት ከአንድ ፍላት ባለቤት ኪስ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ግልፅ ነው።

የገጠሩ መሬት ላይ ያለው ክርክር ደሞ ሌላ መልክ አለው። መንግስት በኦክቶበር 2024 በጀት የእርሻ መሬት ከውርስ ታክስ ነፃ የሚሆንበትን ጣሪያ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ላይ አቁሞ ከዛ በላይ ላለው 20 በመቶ እንዲከፈል ወሰነ፣ ገበሬዎች በትራክተር ለንደን ገብተው ተቃወሙ፣ በዲሴምበር 2025 ጣሪያው 2.5 ሚሊዮን ይሁን ተባለ። ትንሹ ገበሬ እውነተኛ ጭንቀት ነበረበት፣ ነገር ግን በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከእንግሊዝ መሬት ግማሹ የተያዘው ከህዝቡ 1 በመቶ በማይሞላ ሰው ነው፣ ትራክተር ይዞ የወጣው ሰው ሁሉ ግን ከ1 በመቶው አይደለም።

ሂውን በተመለከተ፣ ልጅ ሆኖ የሰፈር የመንግስት ትምህርት ቤት ነው የጀመረው፣ ኋላ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ የልዑል ዊልያም ልጅ የጆርጅ ክርስትና አባት ነው፣ በጁን 2024 ቼስተር ካቴድራል ውስጥ ሲያገባ የዓለም ሚዲያ ነው የተሰበሰበው። ሀብቱ አሁን ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመታል። በ2025 ሴት ልጅ ወለዱ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2013 ሕግ አውጥቶ በዙፋን ውርስ ላይ ወንድ ሴትን እንዳይቀድም አድርጓል፣ የመሳፍንት ማዕረግን ግን አልነካም፣ ስለዚህ ንግስት መሆን የምትችል ሴት በምትወለድበት አገር የመስፍን ልጅ መስፍን መሆን አትችልም። ሂው ወንድ ልጅ ካልወለደ በ1874 ንግስት ቪክቶሪያ የሰጠችው ማዕረግ ከሱ ጋር ያልቃል፣ ሌላ ወራሽ የለውም። ገንዘቡ ግን አያልቅም፣ ትረስት ስለሆነ ለማን እንደሚሆን ባለአደራዎቹና የትረስቱ ሰነድ ናቸው የሚወስኑት፣ ሴት ልጅም ልትጠቀም ትችላለች።

እንግሊዝ ውስጥ ፍላት ለገዛችሁ አንድ ነገር ልበል። ድሮ ሊዝ ለማሳደስ ቤቱን ከገዛችሁ ሁለት ዓመት መሙላት ነበረበት፣ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል፣ በገዛችሁ ማግስት መጠየቅ ትችላላችሁ። የጭማሪ ክፍፍሉን የሚያስቀረው ክፍል ግን የ2025ቱ ፍርድ ሲሰጥ ገና ስራ ላይ አልዋለም ነበር፣ ስለዚህ ሊዛችሁ ከ82 እስከ 85 ዓመት አካባቢ የቀረው ከሆነ ሕጉ እስኪመጣ ልጠብቅ ከማለታችሁ በፊት የሊዝ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ፣ ሊዙ ከ80 በታች ከወረደ በኋላ ያለው ሒሳብ ከላይ ያየነው ነው።